የእንቴቤ ቃል ኪዳን፤ የአፍሪካ አገሮች የሒሳብንና የሳይንስን ትምህርት ለማሻሻል የተባበሩበት ታሪክ

«ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በሽምግልና፣ በዕቁብና በዕድር፣ በጋብቻና በብድር ጉዳይ ነው። ነገር ግን በትምህርትም ሥራ ቃል ኪዳን አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ወይም ብዙ አገሮች ልጆቻቸውን ሒሳብና ሳይንስ በሚገባ ለማስተማር በተባበሩ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ለባልንጀራው የሚገባው ግዴታ አለ። ግዴታው የተጠበቀ እንደ ሆነ ኅብረቱ ፍሬ ያፈራል፤ የተዘነጋ እንደ ሆነ ግን የተጻፈው መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል።

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ የሳይንስ ክበባችን ከሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ጋር በቤተ ሙከራ ዕቃ ለመረዳዳት አስቧል። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። ከዚህ ቀደምም ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ከአንደኛው ጎረቤታችን የተዋስነውን ማይክሮስኮፕ ከተባለው ቀን አሳልፈን፣ አንዱን መነጽሩንም አጉድለን ስለ መለስን፣ ስምምነቱ በዚያው ቀረ። ጥፋቱ የእኛው የክበቡ አባሎች ነበር። ስለዚህ አሁን እንደገና ከመስማማታችን በፊት፣ ከእኛ የሚበልጡ ሰዎች እንዲህ ያለውን ኅብረት እንዴት እንደ ጀመሩትና ምን እንዳጋጠማቸው ማወቅ ይጠቅመናል በማለት ይህን ታሪክ ለማዘጋጀት ተነሣሁ። አንባቢን እንዳያሳስት፣ «ዓ.ም.» የሚል ቃል የተጨመረበት ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ያልተጨመረበት ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የዘመኑ ሁኔታ

በ1960 በአንድ ዓመት ብቻ ዐሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን አገኙ። ባንዲራ መስቀልና መዝሙር ማሰማት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሐኪምና መሐንዲስ፣ የመሬት ቀያሽና የእርሻ ዐዋቂ ማፍራት ግን የብዙ ዓመት ሥራ ነው። አዲሶቹ መንግሥታት ይህን ስለ ተረዱት በሚቀጥለው ዓመት፣ ከግንቦት 7 እስከ 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የትምህርት ባለሥልጣኖቻቸው በከተማችን በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ጉባኤውን የጠሩት የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) እና የአፍሪካ የኤኮኖሚ ኮሚሽን ነበሩ። ጉባኤተኞቹም እስከ 1980 ድረስ በአፍሪካ ያለ ሕፃን ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ የሚል ዓላማ አጸደቁ። ይህ ውሳኔ «የአዲስ አበባ ዕቅድ» ተብሎ በትምህርት ታሪክ ይታወቃል። ዓላማው በተባለው ጊዜ አልተፈጸመም፤ ቢሆንም የአፍሪካ አገሮች ለትምህርት የጋራ ግብና የጋራ ቀነ ገደብ ያቆሙበት ትልቅ ጉባኤ ነውና ሊታወስ ይገባዋል።

ዓላማው ሲታወጅ ግን አንድ ጥያቄ ተከተለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ምን ይማራሉ? በዚያን ጊዜ በብዙዎቹ አገሮች የነበሩት የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት በውጭ አገር፣ ለውጭ አገር ልጆች የተጻፉ ነበሩ። የአፍሪካ ልጅ ያላየውን በረዶ፣ ያልተሳፈረበትን ባቡርና ያልጨበጠውን ገንዘብ እያሰበ እንዲያሰላ ይጠየቅ ነበር። ሳይንስም ቢሆን በአብዛኛው መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ገልብጦ በቃል መያዝ ነበር። በዚህ ዓይነት የተማረ ልጅ ፈተና ያልፍ ይሆናል፤ ነገር ግን በደጁ የሚበቅለውን ተክልና በእጁ የያዘውን ድንጋይ ሳይመረምር ያድጋል።

ኅብረቱ እንዴት ተጀመረ?

በዚሁ ዘመን በሌላው የዓለም ክፍልም የሳይንስ ትምህርት ጉዳይ ያሳስብ ነበር። በ1956 በአሜሪካ አገር የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የፊዚክስ ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ጄሮልድ ዘካርያስ፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስን ትምህርት እንደ አዲስ ለማዘጋጀት ሊቃውንትንና አስተማሪዎችን ሰበሰቡ። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ባመጠቀች ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥትና ሕዝብ ለሳይንስ ትምህርት ያላቸው አሳብ እጅግ ከፍ አለ፤ ገንዘብም በብዛት ተመደበ። ሥራውን የሚመራ ለትርፍ ያልቆመ አንድ የትምህርት ድርጅትም በ1958 ተቋቋመ። የዚህ እንቅስቃሴ ልዩ ጠባይ፣ ታላላቅ ሊቃውንትና የክፍል አስተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መጽሐፍ መጻፋቸው ነበር።

የአዲስ አበባው ጉባኤ በተፈጸመ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1961 የበጋ ወራት፣ ከቦስተን ከተማ አጠገብ በሚገኘው ኢንዲኮት በሚባለው የተቋሙ ቤት ከአፍሪካ የመጡ የትምህርት ሰዎችና የአሜሪካና የእንግሊዝ ሊቃውንት ተገናኙ። የውይይታቸው ርእስ፣ በአሜሪካ የተጀመረው ዓይነት ሥራ በአፍሪካ ሊሠራ ይችላል ወይ? የሚል ነበር። ከዚህ ስብሰባ የአፍሪካ የትምህርት ፕሮግራም ተወለደ። ወጪውን የፎርድ ፋውንዴሽንና የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅት ቻሉት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1962፣ በአገራችን ክረምት በሆነበት ወራት፣ የመጀመሪያው የሒሳብ የሥራ ጉባኤ በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለችው በእንቴቤ ከተማ ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ጉባኤው በተደረገበት ወር ኡጋንዳ ገና ነፃ አልወጣችም ነበር፤ ነፃነቷን ያገኘችው በዚያው ዓመት፣ መስከረም 29 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የልጆቹ የሒሳብ መጽሐፍ ረቂቅ የአገሪቱ ባንዲራ ከመውጣቱ በፊት ተጀምሯል ማለት ነው። የሒሳቡን ሥራ የመሩት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሒሳብ ሊቅ ፕሮፌሰር ዊልያም ቴድ ማርቲን ነበሩ። በኅብረቱ ውስጥ የገቡት የአፍሪካ አገሮችም ኢትዮጵያ፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ላይቤሪያ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያ፣ ሴራሊዮን፣ ታንዛንያ፣ ኡጋንዳና ዛምቢያ ናቸው። ሥራው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀጠለ እስከ 1969 ድረስ ዘለቀ። የተጻፉት መጻሕፍት በሙሉ «የእንቴቤ ሒሳብ» ተብለው ተጠሩ።

እርስ በርሳቸው የገቡት ግዴታ

ይህ ኅብረት ለምን ይታወሳል? ገንዘብ ስለ ነበረው ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ የነበራቸው ብዙ ሥራዎች ያለ ስም ቀርተዋልና። የሚታወሰው ባልንጀሮቹ በሥራቸው ባሳዩት የጋራ ግዴታ ነው። እኔ ታሪኩን ስመረምር አራት ነገሮች ጎልተው ታይተውኛል።

አንደኛው በጋራ መጻፍ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ መጽሐፉ በለንደን ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በመርከብ ተጭኖ መምጣቱ ነበር። በእንቴቤ ግን አፍሪካዊው አስተማሪ፣ እንግሊዛዊውና አሜሪካዊው ሊቅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው እያንዳንዱን ገጽ ተከራከሩበት። ሊቁ ሒሳቡን ያውቃል፤ አስተማሪው ልጁን ያውቃል። አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም። እርግጥ ነው፣ አነሣሡና አብዛኛው ገንዘብ ከአሜሪካ የመጣ ስለ ሆነ የውጭዎቹ አሳብ ይከብድ ነበር፤ ይህንንም ኋላ እናየዋለን።

ሁለተኛው፣ አስቀድሞ በክፍል መሞከር ነው። በክረምቱ የተጻፈው ረቂቅ ወደየአገሩ ተወስዶ በሙከራ ክፍሎች ውስጥ ይሰጥ ነበር። አስተማሪዎቹ ልጆቹ የገባቸውንና ያልገባቸውን ይናገራሉ፤ መጽሐፉም በዚያው መሠረት ይታረማል። በዚህ ሥርዓት የመጨረሻው ዳኛ ፕሮፌሰሩ ሳይሆን በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሕፃን ነበር ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው አስተማሪው እውነቱን ሲናገር ነው። «ሁሉም ደኅና ነው» ብሎ የሚጽፍ አስተማሪ ማኅበሩን ያታልላል፤ «ይህ ምዕራፍ አልገባቸውም» የሚል ግን ለዐሥሩም አገር ልጆች ውለታ ይውላል።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ አገር በራሱ ጉዳይ ራሱ እንዲወስን መተው ነው። የእንቴቤ መጻሕፍት ለሁሉ በግዴታ የሚታደሉ አልነበሩም፤ የየአገሩ የትምህርት ሚኒስቴር እንደሚስማማው አሻሽሎ እንዲጠቀምባቸው የተዘጋጁ ነበሩ። ይህ ነፃነት ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበረ ከአገራችን ሁኔታ መረዳት ይቻላል። ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ አድርጋ ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሕፃናት መጽሐፍ እንዳለ ወስዶ በአማርኛ ክፍል ማስተማር አይቻልም። ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ምሳሌውም መለወጥ አለበት።

አራተኛው አስተማሪውን አለመዘንጋት ነው። ከተማሪው መጽሐፍ ጋር የአስተማሪው መምሪያ አብሮ ይጻፍ ነበር፤ ለመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶችም ለብቻው መጽሐፍ ተዘጋጅቷል። ይህ ግዴታ በአሳብ ደረጃ መልካም ነበር። በሥራ ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ የጎደለው ይኸው ሆነ።

አዲሱ ሒሳብ ምን ነበር?

የእንቴቤ መጻሕፍት የዘመኑን «አዲስ ሒሳብ» ይከተሉ ነበር። አዲሱ ሒሳብ ልጁ ስሌቱን ከማወቁ በፊት የቁጥርን ጠባይ እንዲያስተውል ይሻል። ስለዚህ በስብስብ ይጀምራል። ልጁ አምስት ጠጠርና አምስት የጠርሙስ ክዳን አንድ ለአንድ ያጋጥማል፤ ሁለቱም ስብስቦች እኩል መሆናቸውን ካየ በኋላ «አምስት» የሚለው አሳብ ይገባዋል።

በቁጥርና በቁጥር ምልክት መካከል ያለውን ልዩነት ማስተማርም የዚሁ ክፍል ነው። ለኢትዮጵያ ተማሪ ይህን ማስረዳት አይቸግርም። በመጽሐፋችን 5 ብለን እንጽፋለን፤ በግዕዝ ፭ ብለን እንጽፋለን። ምልክቱ ሁለት ሲሆን ቁጥሩ አንድ ነው። እንዲሁም ሦስት ላይ አምስት ብንጨምር፣ አምስት ላይም ሦስት ብንጨምር ስምንት መሆኑን ልጁ በቃሉ ከመድገም ይልቅ ጠጠሩን አገላብጦ እንዲያይ ይደረጋል። ከዐሥር በቀር በሌላ መሠረት መቁጠርም ይማራል። ለምሳሌ ያህል በአንድ እጅ ጣቶች ብቻ የሚቆጥር ሰው፣ አምስት ሲሞላ «አንድ እጅ» ይላል፤ ሰባት ሲሆን «አንድ እጅና ሁለት ጣት» ይላል። በዚህ አኳኋን ሲጻፍ ሰባት 12 ይሆናል ማለት ነው። ይህን የተረዳ ልጅ በአሁኑ ጊዜ ኮምፒዩተር በሁለት ምልክቶች ብቻ እንዴት እንደሚቆጥር ለመረዳት አይቸገርም።

ከላይቤሪያ የመጣ ትምህርት

ከዚህ ኅብረት ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው በላይቤሪያ የሆነው ነው። ኅብረቱ የክፔሌ ነገድ ልጆች ሒሳብ ለምን እንደሚከብዳቸው ለማወቅ ፈለገ። ብዙ ሰዎች ልጆቹ የማሰብ ጉድለት ያለባቸው ይመስላቸው ነበር። በላይቤሪያ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ጌይና ከአሜሪካ የመጡት የሥነ ልቡና ሊቅ ማይክል ኮል ግን ጥያቄውን ገለበጡት። «ልጆቹ ምን ይጎድላቸዋል?» በማለት ፈንታ «ሕዝቡ በየቀኑ ሥራው የሚሰፍረውና የሚቆጥረው እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

የክፔሌ ሕዝብ ሩዝ ገበሬ ነው፤ ሩዙንም በቆርቆሮ ጣሳ ይሰፍራል። ሊቃውንቱ በሳሕን ላይ ሩዝ አድርገው፣ ይህ ስንት ጣሳ ይሆናል? ብለው ክፔሌዎችንም አሜሪካውያንንም ጠየቁ። ፊደል ያልቆጠሩት የክፔሌ ገበሬዎች ከአሜሪካውያኑ እጅግ አብልጠው ወደ እውነተኛው ልክ የቀረበ ግምት ሰጡ። እንግዲህ የማሰብ ጉድለት የተባለው ነገር የጉድለቱ ምንጭ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ስላልጠየቀው ነው። ጌይና ኮል ይህን ምርመራ በ1967 በመጽሐፍ አሳተሙት፤ ስለ ባህልና ስለ አእምሮ ለሚደረገው ጥናትም እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀስ ሥራ ሆነ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር ለእኛም የራቀ አይደለም። እናቶቻችን ጤፉን በጣሳና በቁና ይሰፍራሉ፤ ለስንት እንግዳ ስንት እንጀራ እንደሚበቃ ወረቀት ሳይዙ ያውቃሉ። ሸማኔው ጥለቱን ሲሠራ ክሩን ይቆጥራል፤ አናጺው በስንዝርና በክንድ ይለካል። የእነዚህ ሰዎች ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም።

ሳይንስ በአሸዋና በነፍሳት

የሒሳቡ ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሳይንስ ትምህርት ተራ ደረሰ። በ1965 በናይጄሪያ በካኖ ከተማ ስብሰባ ተደርጎ የአፍሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ሳይንስ ፕሮግራም ታሰበ። የሥራ ጉባኤዎቹም በዚያው ዓመት በእንቴቤ፣ በ1966 በዳሬሰላም፣ በ1967 በጋና በአኮሶምቦ ተደረጉ።

በዚህ ፕሮግራም የተጻፉት ትንንሽ መጻሕፍት አርእስታቸው ብቻ ደስ ያሰኛል። አንደኛው ስለ ደረቅ አሸዋ፣ ሌላው ስለ እርጥብ አሸዋ፣ ሌላው ስለ ወባ ትንኝ፣ ሌላው ስለ ቀለምና ስለ ወረቀት፣ ሌላው ዕቃን አጉልቶ ስለ ማየት ነው። በአሸዋ ውስጥ ወደ ታች የሾለ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጉንዳን ተንሸራትቶ እስኪወድቅለት ከሥር አድፍጦ ስለሚጠብቀው ትንሽ ነፍሳትም አንድ መጽሐፍ ተጽፏል። ይህን ነፍሳት በየቤታችን ጥግ፣ ዝናብ በማይደርስበት ደረቅ አፈር ላይ ሁላችንም አይተነዋል፤ ነገር ግን የሳይንስ ትምህርት ይሆናል ብለን አላሰብንም።

የዚህ አሠራር ምስጢር ግልጽ ነው። ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ከሌለ ሳይንስ አይማርም የሚለውን አሳብ ያፈርሳል። ጠብታ ውሃ በጠራ ነገር ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለውን ፊደል ያጎላል፤ ልጁም ይህን ካየ በኋላ የማጉያ መነጽር እንዴት እንደሚሠራ ለመጠየቅ ይነሣሣል። መምህሩም ሁሉን ዐዋቂ ሆኖ መልስ የሚያድል ሳይሆን፣ «እስቲ ሞክረህ እይ» የሚል መሪ ይሆናል።

ይህ ዓይነት ትምህርት ጠቅሞ እንደ ሆነ ለማወቅ ኤሊኖር ዳክወርዝ የተባሉት የትምህርት ሊቅ በኬንያ ምርመራ አደረጉ። ልጆቹን በቃል የሚመለስ ጥያቄ አልጠየቋቸውም። በአንድ ክፍል ልዩ ልዩ ዕቃ ደርድረው ልጆቹ እንደ ወደዱ እንዲሠሩበት ለቀቋቸው፤ የሚያደርጉትንም እየተከታተሉ መዘገቡ። በፕሮግራሙ የተማሩት ልጆች ካልተማሩት ይልቅ ብዙ ዓይነትና ረቀቅ ያለ ሥራ ለራሳቸው አገኙ። ይህም ትምህርቱ በልጆቹ ያሳደገው፣ ከራስ አሳብ አፍልቆ መሥራትን እንደ ሆነ ያስረዳል።

በ1970 ይህ የሳይንስ ሥራ ከአሜሪካውያን መሪነት ወጥቶ በአፍሪካውያን እጅ ገባ። የአፍሪካ የሳይንስ ትምህርት ፕሮግራም የተባለ ማኅበር ተቋቁሞ ዋና ጽሕፈት ቤቱን በጋና ዋና ከተማ በአክራ አደረገ።

መሰናክሉ

ታሪክ የሚጽፍ ሰው መልካሙን ብቻ ቢጽፍ አንባቢውን ይበድላል። የእንቴቤ ሒሳብ ብዙ ተቃውሞ ደረሰበት። ወላጆች ልጆቻችን ስለ ስብስብ ያወራሉ እንጂ የገበያ ሒሳብ ማስላት ተሳናቸው ብለው አጉረመረሙ። አስተማሪዎችም ራሳቸው ያልተማሩትን ትምህርት እንዲያስተምሩ ስለ ታዘዙ ተጨነቁ። በመጨረሻም ናይጄሪያ በ1977 አዲሱን ሒሳብ ከትምህርት ቤቶቿ አስወጣች፤ ኬንያም በ1981 ተወችው። ይህ የአፍሪካ ጉድለት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ግን አይገባም። በአሜሪካም ቢሆን አዲሱ ሒሳብ በ1970ዎቹ ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበት ወደ ኋላ ተመልሷል።

ጥፋቱ ከየት መጣ? በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የመምህራን ሥልጠና ከመጽሐፉ ኋላ መቅረቱ ነው። በሙከራው ክፍል ያስተማሩት ጥቂቶች የመጽሐፉን አሳብ ያውቁ ነበር፤ ከነሱ ውጭ ያሉት እልፍ አስተማሪዎች ግን መጽሐፉን እንጂ አሳቡን አልተቀበሉም። «ስብስብ» የሚለው ቃል እንደ ቀድሞው የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል የሚሸመደድ ነገር ሆነ።

ሁለተኛው፣ አሳቡም ገንዘቡም ከአንድ ወገን መብዛቱ ነው። አዲሱ ሒሳብ ለአፍሪካ ልጅ ይስማማ እንደ ሆነ አስቀድሞ ከመመርመር ይልቅ፣ በአሜሪካ የተወደደ ስለ ሆነ ብቻ ተመረጠ። የላይቤሪያው ምርመራ የመጣው መጻሕፍቱ መጻፍ ከጀመሩ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ቢቀድም ኖሮ መጽሐፉ ከጣሳውና ከሩዙ በተነሣ ነበር።

ከእንቴቤ በኋላ

ቢሆንም አሳቡ አልሞተም። በ1998 ኬንያ በጃፓን የዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ረዳትነት፣ በሥራ ላይ ያሉትን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን እንደገና የማሠልጠን ፕሮግራም ጀመረች። የዚህ ፕሮግራም መመሪያ፣ ትምህርቱ በተግባር ላይ ይቁም፣ ተማሪው መካከለኛ ቦታ ይያዝ፣ ሙከራ ይደረግ፣ የጠፋውም ዕቃ በአካባቢ በሚገኝ ነገር ይተካ የሚል ነው። በ2001 ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተጨምረውበት አንድ የጋራ ማኅበር ሆነ፤ ከየአገሩ የተላኩ መምህራንም በናይሮቢ በሚገኘው ማሠልጠኛ ተማሩ። በአገራችንም ተመሳሳይ ፕሮግራም በ2011 ተጀምሯል። እዚህ ላይ ልዩነቱን እናስተውል። እንቴቤ በመጽሐፉ ጀምራ መምህሩን አስከተለች፤ የኋላኞቹ ግን በመምህሩ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ስሕተት ለኋለኞቹ መንገድ መሪ ሆነ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ዛሬ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ትምህርት በአንድ ላይ «ስቴም» እየተባለ በየትምህርት ቤቱ ይነገርለታል፤ ለእርሱም ብዙ የትብብር ስምምነት ይፈረማል። ከእንቴቤ ታሪክ የምንማረው ግን የስምምነቱ ዋጋ በፊርማው ቀን እንደማይታወቅ ነው። የሚታወቀው ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከከተማ ራቅ ባለ ትምህርት ቤት፣ አንድ መምህር ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን በተማሪዎቹ ፊት በሚቆምበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ የተሰጠው ተስፋ ከርሱ ጋር ካለ ኅብረቱ አለ፤ ከሌለም የለም።

ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን ከጎረቤቶቻችን ጋር እንደገና ሲስማማ፣ የሚከተሉትን ነገሮች በጽሑፍ እንዲያሰፍር አሳቤን አቀርባለሁ። የተዋስነውን ዕቃ በቀኑና በደኅናው እንመልስ፤ ብንሰብረው ሳንደብቅ እንናገር። ሙከራው ያልሠራ እንደ ሆነ ያልሠራበትን ምክንያት ጽፈን ለሌሎቹ እንስጥ እንጂ የተሳካውን ብቻ አንላክ። ማንኛውም ትምህርት ቤት ትልቅ ወይም ትንሽ ሳይባል አሳብ የማቅረብ እኩል ድምፅ ይኑረው። ከገበያ የማናገኘውን ዕቃ ከቆርቆሮ፣ ከሸምበቆና ከጠርሙስ ለመሥራት አንፈር። መምህሮቻችንም ይህን ሥራ በትርፍ ሰዓታቸው ስለሚረዱን ድካማቸውን እናክብር፤ ወላጆቻችንም በእርሻው፣ በገበያውና በሽመናው ያለውን ሒሳብ መጥተው እንዲያስተምሩን እንጋብዝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የቀድሞውን ዕዳችንን እንክፈል። ከማይክሮስኮፑ ያጎደልነውን መነጽር የክበባችን አባሎች ከኪሳችን አዋጥተን ገዝተን፣ ለባለቤቱ በእጃችን ይዘን እንሂድ። በእንቴቤ የተሰበሰቡት ሰዎች ትተውልን ከሄዱት መጻሕፍት ይልቅ፣ እርስ በርስ ተማምኖ የመሥራት አሳባቸው ይበልጣል። መተማመንም የሚጀምረው የተዋሱትን ከመመለስ ነው።